ለማዳ ማለት ምን ማለት ነው?

ዶሮ ከገበያ ገዝቶ ወደ ቤቱ የገባ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። አንድ እግሯን በገመድ ቁራጭ አስሮ ከአንድ ጥግ ያቆያታል። ጥሬውን ዘወትር በአንድ ቦታ ይበትንላታል፤ ውኃውን በአንድ ዕቃ ያቀርብላታል። ሦስት አራት ቀን ያልፋል። ከዚያ አመሻሽ ላይ ገመዱን ይፈታና ከሌሎቹ ጋር ቆጥ ላይ ያሳድራታል። በማግሥቱ ከደጅ ስትጭር ውላ ማታ በራሷ እግር ከተመለሰች «ለመደች» ይባላል፤ ነገሩም እዚህ ላይ ያበቃል። ዶሮዋ ከማሻም ትምጣ ከመካነ ሰላም፥ ወይም ከአዲስ አበባ ሾላ ገበያ፥ አገባቧ ያው ነው።

የኔ ጥያቄ የሚጀምረው ግን ነገሩ አበቃ ከተባለበት ነው። ገመዱ በታሰረበትና በተፈታበት ቀን መካከል በዶሮዋ ውስጥ የተለወጠው ምንድን ነው? መሸሽ ትታለች፤ ይህ ይታያል። መሸሽ የተወችው ግን ቤቱን ስላመነችው ነው ወይስ ሽሽት እንደማያዋጣት ስለገባት? ሁለቱ ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ከውስጥ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ይህ ጥያቄ ለዶሮ ብቻ የሚቀርብ አይመስለኝም። ሆኖም ስለ ሰው የሚጻፈው ብዙ ስለሆነ ለዛሬ በዶሮና በላም፥ በበግና በድመት እንወያይ።

ሐሳቡን ለአንድ የዶርም ጓደኛዬ ባነሣበት ሳቀብኝ። «አንተ ደሞ! ዶሮ ምን እምነት ታውቃለች? ልማድ ነው እንጂ። እኛ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ካፌ እንደምንሮጠው ማለት ነው» አለኝ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ክርክሩም የሚናቅ አይደለም። አማርኛችን ራሱ ከጓደኛዬ ጋር የቆመ ይመስላል፤ ከሰው ጋር የሚኖረውን እንስሳ «ለማዳ» ይለዋል እንጂ «አማኝ» አይለውም። ልማድ ደግሞ ክፉም ደጉም የሚገባበት ቤት ነው። ቀንበር ይለመዳል፤ ረኀብ ይለመዳል፤ ዱላም ይለመዳል። እንግዲህ አንድን እንስሳ ለማዳ ነው ማለት ብቻውን ስለ ደኅንነቱ የሚነግረን ነገር የለም። እምነት አለ ለማለት ሌላ ምልክት ያሻል።

ምልክቱን ለመፈለግ እስቲ ለጥቂት ጊዜ ከአገራችን ወጣ እንበልና የፈረንጅ ልጆች በቤታቸው የሚያሳድጓትን አንዲት ትንሽ እንስሳ እንመልከት። ጊኒ ፒግ ትባላለች። ስሟ የጊኒ አሳማ ማለት ቢሆንም የጊኒም አይደለችም፥ አሳማም አይደለችም። የአይጥ ወገን ናት፤ ከሺሕ ዓመታት በፊት ያላመዷት የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሲሆኑ ያላመዷትም ለመብል ነበር። ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ለዓለም ሲያስታውቅ በሽታውን ከሞከረባቸው እንስሳት አንዷ እሷ ነበረች፤ በእንግሊዝኛም ስሟ «መሞከሪያ» የሚል ትርጉም እስከመያዝ ደርሷል። አንዲት እንስሳ በሦስት ዓይነት እጅ ገባች ማለት ነው፦ በሚበላት፥ በሚሞክርባትና በሚያቅፋት።

እሷም እንደ ብዙ ታዳኝ እንስሳት የምትመካበት ጥርስና ጥፍር ስለሌላት ስትደነግጥ ወይ ትሸሸጋለች ወይ ባለችበት ደርቃ ትቀራለች። አዲስ ቤት በገባችበት ዕለት ልጁ ብድግ አድርጎ ሲያቅፋት ፍንክች አትልም። ልጁም «ወደደችኝ!» ብሎ ይደሰታል። እንስሳዋ ግን በዚያች ሰዓት የምትጠብቀው መበላትን ነው። ስለዚህ አያያዟን የሚያውቁ ሰዎች የሚመክሩት በትዕግሥት የተሞላ ነው። መሸሸጊያ ስጧት፤ ለጥቂት ቀናት አትንኳት፤ እንደ ጭልፊት ከላይ አትምጡባት፥ ዝቅ ብላችሁ በዝግታ ቅረቡ፤ ምግቡን በእጃችሁ ይዛችሁ እሷ ራሷ እስክትመጣ ጠብቁ፤ ብቻዋንም አታኑሯት ይላሉ። በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ጊኒ ፒግን የመሰለ ከወገኑ ጋር መኖር የሚሻ እንስሳ ብቻውን እንዳይያዝ እስከ መከልከል ደርሷል።

ከዚህ የምንማረው ዝምታን ከእምነት እንዳንቀላቅል ነው። የዝምታው ምንጭ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። እምነት የሚታወቀው እንስሳው መሸሸግ እየቻለ ሳይሸሸግ ሲቀር፥ ፊታችን ሲበላ፥ ጀርባውን ሲሰጠን ነው። ይህን የኛም አርሶ አደር አሳምሮ ያውቀዋል። አዲስ የተገዛች ላም ሰው ሲያልፍ ሳትነሣ ተኝታ ካመሰኳች ቤቱን ቤቴ ብላለች ይላል። ላም ለማታውቀው አላቢ ወተቷን ትከለክላለች፤ የለመደችው እናት ስሟን እየጠራች፥ ጥጃውን አስቀድማ ስትመጣ ግን ትሰጣለች። ወተቱ ከጡቷ ውስጥ እያለ መስጠትና መከልከል የሷ ድርሻ ነው። እምነት ማለት እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ በጉልበት ቢጠይቁት የማይወጣ፥ ሲደላደል ግን ራሱ የሚወርድ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ትነሣለች። በከብት አርቢዎች ዘንድ የታወቀ ዘዴ አለ፤ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገለባ ሞልተው ከፊቷ ያቆሙላታል። ላሚቱ ታሸተዋለች፥ ትልሰዋለች፥ ወተቷንም ታወርዳለች። ቤት ውስጥ የተራቡ ልጆች አሉ፤ በዚህ ላይ ማን ይፈርዳል? እኔም አልፈርድም። ግን ስሙን እንጥራው። እዚያ ላይ የላሚቱ እምነት አልተገኘም፤ እምነቷ ተሰርቋል። ምክንያቱም ያመነችው ነገር የለም።

አኔት ቤየር የተባለች የኒውዚላንድ ተወላጅ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ እምነት በጻፈችው ጽሑፍ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን መመዘኛ ሰጥታናለች። በሷ አስተሳሰብ ማመን ማለት የምንሳሳለትን ነገር በሌላው እጅ ማኖር፥ ሊጎዳን እንደሚችል እያወቅን እንደማይጎዳን መጠበቅ ነው። ታዲያ ጤናማው እምነት የትኛው ነው? ሁለቱም ወገኖች እምነቱ የቆመበትን መሠረት ገሐድ ቢያውቁት ሳይፈርስ የሚቀረው ነው። ሚስጥሩ ሲወጣ የሚፈርስ ከሆነ ድሮውንም የበሰበሰ ነበር ማለት ነው። እንስሳ ሚስጥር ሊነገረው አይችልም። ስለዚህ ሸክሙ የኛ ይሆናል፤ በሱ ፈንታ ሆነን «ይህን ቢያውቅ ኖሮ ይቆይ ነበር?» ብለን መጠየቅ አለብን። ዶሮዋ ከሽለምጥማጥና ከጭልፊት የሚጠብቃት ቤት አግኝታ ዕንቁላሏን ብትከፍል የምትስማማ ይመስለኛል። ላሚቱ ግን ገለባውን ብታይ አንድ ጠብታ አትሰጥም።

እምነት በገመድና በጥሬ ብቻ እንደማይሠራ ለማየት ሰው የሌለበት ምሳሌ አለ። በቦረና ሳይንት ደንቆሮ ጫካ ጭላዳም ቀይ ቀበሮም ይገኛሉ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚውሉ በመንዝ ጓሳ ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያዩትን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ቀይ ቀበሮው ሣር በሚግጠው የጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል፤ መንጋውም አይበረግግም። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ 25 ያህሉ ሙከራ ሲሳካለት በመንጋው መካከል ሲሆን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። የጭላዳ ግልገል እኮ ለቀበሮ አፍ የሚመጥን ነው፤ እጁ ሥር ነው። ይተወዋል። በዝግታ ይራመዳል፥ አይሮጥም፥ ግልገል አይነካም። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ ግልገል ቢነጥቅ ትልልቆቹ ጭላዶች ተነሥተው አስጣሉት፤ ተመልሶ እንዳይገባም አባረሩት።

እዚህ ላይ ገመድ የለም፥ ጥሬም የለም። እምነቱን ያመጣው ቀበሮው ሊያደርገው እየቻለ በየዕለቱ የማያደርገው ነገር ነው። ጓደኛዬ «ይህም ልማድ ነው» ይለኝ ይሆናል። ይሁን፤ ግን ይህ ልማድ የቆመው ባለጥርሱ ራሱን በመግዛቱ ላይ ነው። አንድ ቀን ራሱን መግዛት ቢያቅተው ልማዱ ሁሉ በአንዴ ይናዳል። ከዚህ አንድ ነገር ልጨብጥ፦ ማመን የደካማው ሥራ ነው፤ መታመን ግን የብርቱው ነው። ስለ እንስሳ ማላመድ ስናወራ ግን ሁልጊዜ የምንመረምረው እንስሳውን ነው። «ለመደ ወይ?» እንላለን። «እኛስ ለመታመን በቅተናል ወይ?» የሚል የለም።

«ታዲያ በጉን አርደን አንበላም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሙክቱ ከልጅ እጅ ጨው እየላሰ ያድጋል፥ ልጁን ተከትሎ ይሄዳል፤ በበዓሉ ቀን ቢላዋ ይጠብቀዋል። የቤየርን መመዘኛ እዚህ ላይ ብናስቀምጥ ይወድቃል፤ በጉ ቢያውቅ አይከተልም። በአገራችን አደራ በላ ከመባል የከፋ ስድብ ጥቂት ነው። በግ የበላ ሁሉ አደራ በላ ነው ለማለት ግን አልደፍርም፤ ደጋ ላይ የሚኖር ገበሬ ያለ በግ እንዴት ብሎ ይኖራል? የወሎ እስላምም ክርስቲያንም የፈጣሪን ስም ሳይጠራ ቢላዋ አያሳርፍም። በእስልምና ሥርዐት ቢላዋን በእንስሳው ፊት መሳል፥ አንዱንም በሌላው ፊት ማረድ የተነቀፈ ነው። ይህ ሥርዐት የሚለን እንዲህ ይመስለኛል፦ ነፍሱን ለመውሰድ ፈቃድ ብታገኝም ፍርሃቱ ላይ ፈቃድ የለህም። እኔም አንድ ነገር ልጨምርበት። በጉ የሚያምነውን ልጅ ገመዱን አስይዘን ወደ መታረጃው እንዲመራው አናድርግ። ሥጋውን ከበጉ መውሰድ አንድ ነገር ነው፤ እምነቱን ራሱን ማጥመጃ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። የሚቀረውን ጥያቄ መፍታት አልቻልኩም፤ ያልተፈታ መሆኑን ግን መካድ አልፈልግም።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ግቢ እንመለስ። በየዶርሙ ደጃፍ ተማሪ የሚቀልባት ድመት አለች። መጀመሪያ ስትታይ ከአጥር ሥር ናት፤ በጥቅምት እንጀራ ከእጅ ትቀበላለች፤ በየካቲት ብርድ ልብስ ላይ ትተኛለች። ወልዳ ግልገሎቿን በአፏ እያንጠለጠለች ከአልጋ ሥር ያስገባች እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የእምነት ምልክት የለም። ፈተና አልቆ ሁላችንም ሻንጣችንን ይዘን ወደ መናኸሪያ ስንወርድ ዶርሙ ይቆለፋል። ድመቷ ማታ ትመጣለች። ካፌው ዝግ ነው፤ አይጥ ማደን ደግሞ ከኛ ጋር ስትኖር ትታዋለች።

«ደግ ሠራን እኮ፥ ስንት ወር አበላናት» እንላለን። አበላናት፤ እውነት ነው። ግን ዱር ለምዳ የምትኖርን ፍጡር በኛ እንድትመካ ካደረግን በኋላ ደግነታችን በሰኔ የሚያልቅ ከሆነ መጀመሪያውኑ ጥንቃቄዋን ለምን ወሰድንባት? ጥንቃቄዋ እኮ ሀብቷ ነበር። አንድን እንስሳ ለማዳ ማድረግ ጥንቃቄውን በአደራ መቀበል ነው፤ አደራ ደግሞ ተቀባዩ ሲሰለቸው ደጅ የሚጥለው ዕቃ አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ድመት መቀለብ የሚፈልግ ተማሪ ቁራሹን ከመወርወሩ በፊት ክረምቱን ያስብ። ከግቢ ጥበቃው ጋር ይነጋገር፥ ከከተማው ልጆች አንዱን ይጠይቅ፥ የሚረከባት ሰው ይፈልግ። ካላገኘ ግን ከሩቅ ይመልከታት፤ ከአጥሩ ሥር እንዳለች፥ ሰው ሲመጣ እየሸሸች ትኑር። የምትሸሸውን ድመት ሳይነኩ መተውም አንዱ የመታመን ዓይነት ነው።