ገና ያልደረሰን ሕመም ስለ መተንበይ

ገና ያልሆነን ነገር አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው፣ ያወቀውን ለባለቤቱ ሊነግረው ይገባዋልን? ቢነግረውስ እንደ ተቆረጠ ፍርድ ነው ወይስ ሊመለስ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ? ይህ ጥያቄ ለዘመናት የነቢያትና የፈላስፎች ጥያቄ ሆኖ ቢኖርም፣ ባለፉት 30 ዓመታት ግን ሳይኮሲስን ቀድሞ ለማወቅ የሚደረገው ምርምር ወደ ሐኪም ጠረጴዛ አምጥቶታል። ሳይኮሲስ ማለት አንድ ሰው በገሃድ ያለውንና በአእምሮው የተፈጠረውን መለየት የሚሳነው ሁኔታ ነው፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ሰዎች ሊጎዱት እንደሚዶልቱ ያለ ጥርጥር ማመን፣ ንግግር መያያዝ እያጣ መበታተን ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ከዚህ ወገን ከሆኑት ሕመሞች የሚከብደው ስኪዞፍሬኒያ በዓለም ላይ ከ300 ሰዎች አንዱን ያህል የሚይዝ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሰው ትምህርቱን በሚያገባድድበትና የራሱን ኑሮ በሚያቅድበት በወጣትነት ዕድሜ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፐሊን ይህን ሕመም ከሌሎች ለይቶ ሲገልጸው፣ በለጋ ዕድሜ ጀምሮ አእምሮን እያዳከመ የሚሄድ፣ መጨረሻውም አስቀድሞ የታወቀ አድርጎ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ኦይገን ብሎይለር እ.ኤ.አ. በ1908 ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን ስም ሲያወጣለት የሕመሙ አካሄድ ከሰው ሰው እንደሚለያይ ቢያስተምርም፣ የክሬፐሊን ጨለማ አመለካከት በሆስፒታሎች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ኖሯል። መጨረሻው እንደ ዕጣ ፈንታ ከተቆረጠ ቶሎ መታከምም ሆነ ዘግይቶ መታከም ልዩነት የለውምና፣ ይህ ትምህርት ሐኪሙንም ቤተሰቡንም እጃቸውን አጣጥፈው እንዲቀመጡ አድርጓል። ሆኖም ክሬፐሊንን በዚህ ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ወደ እርሱ የሚመጡት ሕመሙ ሥር የሰደደባቸው ስለነበሩ፣ ያየው መጨረሻውን እንጂ መጀመሪያውን አልነበረም።

መጀመሪያውን ለማየት የተነሡት በአውስትራሊያ የሜልበርን ከተማ ሐኪሞች ናቸው። ፓትሪክ ማክጎሪና አሊሰን ያንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 የከፈቱት ፔስ የተባለው ክሊኒክ፣ ገና ላልታመሙ ነገር ግን ለሕመሙ ቀርበዋል ተብለው ለሚገመቱ ወጣቶች የተዘጋጀ ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ምርመራ ወጣቱ የሚጠየቀው ቀላል የሚመስል ነገር ነው፤ በመንገድ ሲያልፍ ሰዎች ስለ እርሱ የሚነጋገሩ ይመስለው እንደሆነ፣ ማንም በሌለበት ክፍል ስሙ ሲጠራ ወይም ሹክሹክታ ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ይህስ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚደርስበት ይጠየቃል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀጥሎ የሚመጣው፣ የሰማው ነገር እውነት ይመስለው ወይም አእምሮው የፈጠረው ይመስለው እንደሆነ የሚመረምረው ጥያቄ ነው። «እርግጠኛ አይደለሁም፤ ምናልባት ደክሞኝ ይሆናል» ብሎ የሚመልስ ወጣት ገና ከድንበሩ ወዲህ ነው፤ ጥርጣሬው ጠፍቶ በቦታው ጽኑ እምነት የተተካ ዕለት ግን ድንበሩን ተሻግሯል። ስለዚህ በዚህ ስፍራ የሰውየውን ነጻነት የምትጠብቅለት ያቺ የቀረችው ጥርጣሬ ናት ማለት ይቻላል፤ የሐኪሙም ሥራ እርሷን ማቆየት ነው።

ችግሩ ያለው ትንበያው ላይ ነው። እንዲህ ባለ ምርመራ ለአደጋ ቅርብ ናቸው ከተባሉት ወጣቶች መካከል በ3 ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ ሳይኮሲስ የሚሻገሩት ሩብ ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት ሦስት እጆች አይሻገሩም። ካልተሻገሩት አንዱን ወስዶ ለምን አልታመመም ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሁለት መልስ አለ፤ ወይ ትንበያው ከመጀመሪያውም ስሕተት ነበር፣ ወይ ደግሞ ትንበያው እውነት ሆኖ ሳለ የተደረገለት እርዳታ ሕመሙን መልሶታል። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እነዚህን ሁለት መልሶች መለየት አይቻልም፤ ያ ሰው ያለ እርዳታ የሚኖረው ሌላ ሕይወት የለውምና።

የነነዌን ጾም በየዓመቱ ሦስት ቀን ለሚጾም ክርስቲያን ይህ እንቆቅልሽ እንግዳ አይደለም። ነቢዩ ዮናስ የነነዌ ከተማ እንደምትጠፋ እንዲናገር ተላከ፤ ተናገረ፤ ሕዝቡም ከንጉሡ ጀምሮ ማቅ ለብሶ ንስሐ ገባና ከተማይቱ ሳትጠፋ ቀረች። ዮናስ ግን የተናገረው ባለመድረሱ አዘነ፣ ተቆጣም። የመጽሐፉ ትምህርት ጠልቆ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው፤ ትንቢቱ የተነገረው እንዳይፈጸም ነበርና፣ አለመፈጸሙ የነቢዩ ውርደት ሳይሆን የመልእክቱ ፍሬ ነው። ዕጣ ፈንታን የሚናገር ሰው ቃሉ ሲደርስ ይረካል፤ የሚያስጠነቅቅ ሰው ግን ቃሉ ሳይደርስ ሲቀር ደስ ሊለው ይገባል። ሕመምን ቀድሞ የሚያውቅ ሐኪም ከእነዚህ ከሁለተኛው ወገን ካልሆነ በቀር፣ ዕውቀቱ ከክሬፐሊን ዕጣ ፈንታ አይለይም፤ እንዲያውም ጤነኛ በሆነው ሰው ላይ ሳይቀር የሚወድቅ ስለሆነ ይብሳል።

ነገር ግን ነቢይ ከላከው ዘንድ ማረጋገጫ ሲኖረው ሐኪም የለውም፤ ስለዚህ በአንዱ ሰው ሊያውቀው ያልቻለውን በብዙዎች ማነጻጸር ግድ ይሆንበታል። የሜልበርን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት 59 ወጣቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለ31ዱ አነስተኛ መጠን ያለው የሳይኮሲስ መድኃኒትና አስተሳሰብን የሚያቀና የንግግር ሕክምና፣ ለ28ቱ ደግሞ የተለመደውን ድጋፍ ሰጠ። በ6 ወር ውስጥ ከ28ቱ 10ሩ፣ ከ31ዱ ግን 3ቱ ብቻ ታመሙ። ሕክምናው ቆሞ ሌላ 6 ወር ሲያልፍ ልዩነቱ ጠበበና ማስረጃ ለመሆን የማይበቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በቪየና የተደረገ ጥናት የዓሣ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ኦሜጋ 3 የተባለው ቅባት ብቻውን ሕመሙን በእጅጉ እንደሚከላከል አሳይቶ ዓለምን በተስፋ ቢያስነሣም፣ 304 ወጣቶች በተካፈሉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ሰፊ ጥናት ግን ቅባቱን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል ልዩነት አልተገኘም። ያንን ያህል የተወደደ ተስፋ በራሳቸው እጅ ፈትነው መውደቁን በይፋ የጻፉት ተመራማሪዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

እንግዲህ ትንበያው እንዲህ ደካማ ሆኖ ሳለ ለወጣቱ የሚሰጠው ስም የሚያደርስበት ጉዳት ቀላል አይደለም። «ልታብድ ትችላለህ» መባልን የሰማ ልጅ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ሐሳቡን በጥርጣሬ ይመለከታል፤ ጎረቤት የሰማ እንደሆነ ደግሞ ትዳርም ሥራም ይርቁታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የሕመሞች መመሪያ ይህን ሁኔታ ከታወቁት ሕመሞች ጋር ሳይደምር፣ ገና ጥናት ከሚያስፈልጋቸው ተርታ ያስቀመጠውም ከብርቱ ክርክር በኋላ ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር። ለእነዚህ ወጣቶች ክብደት የሚጨምርና ሌላም ጉዳት ያለው መድኃኒት ከመስጠት በፊት ማዳመጥን፣ እንቅልፍንና ጭንቀትን ማከምን፣ የንግግር ሕክምናን ማስቀደም የሚሻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕመሙ አንዴ ከጀመረ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ በዚያን ጊዜ ትንበያ የለም፣ ያለው የሚባክን ጊዜ ብቻ ነው። በኖርዌይ ደቡብ ምዕራብ በስታቫንገር አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሳይኮሲስ ምልክቶች ምን እንደሆኑ በጋዜጣና በትምህርት ቤት ለሕዝብ ተነገረ፤ ማንም ደውሎ ቢጠይቅ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚመረምር ቡድንም ተቋቋመ። በዚያ አካባቢ ሕመሙ ከጀመረ አንሥቶ ሕክምና እስኪገኝ የሚያልፈው ጊዜ በመካከለኛ ልኬት (ሚዲያን) 5 ሳምንት ሲሆን፣ ይህ በሌለባቸው የማነጻጸሪያ አካባቢዎች 16 ሳምንት ነበር። ማስታወቂያው ሲቋረጥ ጊዜው ተመልሶ ወደ 15 ሳምንት ተራዘመ። ከ10 ዓመት በኋላ ሲታይ ቶሎ በሚታወቅበት አካባቢ ከታከሙት 31 በመቶ ያህሉ፣ ከሌላው ግን 15 በመቶ ያህሉ አገግመው በሥራቸውና በኑሯቸው ተገኝተዋል።

በኢትዮጵያ ደግሞ በቡታጅራ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ሲጠየቁ፣ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው የማያውቁ ሆነው ተገኝተዋል። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ተመራማሪዎች ለ10 ዓመት ያህል ሲከታተሏቸው የሞታቸው መጠን ከአካባቢው ሕዝብ ሁለት እጥፍ ሆኗል፤ ከሞቱትም ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። በሜልበርን ሐኪሞችን የሚያስጨንቃቸው ቸኩሎ መናገር ሲሆን፣ በቡታጅራ ግን መዘግየት ነው፤ የሁለቱ አገር የሥነ ምግባር ጥያቄ አንድ ነው ብሎ መናገር ስሕተት ይሆናል።

ይህ መዘግየት ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የመንፈስ ልክፍት ነው ከሚል እምነት ጋር ይያያዛል። ይሁን እንጂ የሕመሙ ምንጭ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄና በስንት ጊዜ ውስጥ እርዳታ ያስፈልገዋል የሚለው ጥያቄ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ሳይፈቱ ሁለተኛውን መመለስ ይቻላል። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምም መድኃኒትም ከፈጣሪ መሆናቸውን የሚያስተምር በመሆኑ፣ ልጇን ወደ ጸበል የወሰደች እናት መድኃኒቱንም በመስጠቷ እምነቷን አላጎደለችም። በአዲስ አበባ የጸበል አገልጋዮችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ጸበልተኞች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ እንዲጠመቁ ያደረጉበት ሥራ ይህን በተግባር አሳይቷል። ድምፅ መስማት የጀመረ ወጣት በአገሪቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከሐኪም ዘንድ ሳይሆን ከካህኑ ዘንድ ስለሆነ፣ የስታቫንገር ጋዜጣ ለአንባቢው የነገረውን የምልክቶች ዕውቀት የንስሐ አባቶችና የጸበል አገልጋዮች ቢማሩት፣ የሚባክነውን ጊዜ ከማንም በፊት ሊያሳጥሩ የሚችሉት እነርሱ ናቸው።