የኃይሉ ባለቤት ማን ነው?

በአማርኛችን «ኃይል» ስንል መብራት የሚያበራውን ጉልበትም፣ በሰው ላይ የሚሠለጥነውን ሥልጣንም እንገልጻለን። ዛሬ ታላላቅ ከተሞች የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት ዕቅድ ሲያወጡ እነዚህ ሁለት ትርጉሞች ይገናኛሉ። ዕቅዱን የሚጽፈው ከተማው ነው፤ ሽቦውና ቧንቧው ግን የሌላ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የሁሉም ሕይወት የተመሠረተበት ነገር በማን እጅ ቢሆን ተገቢ ነው?

የጀርመኗ የወደብ ከተማ ሀምቡርግ ይህን ጥያቄ በተግባር አይታዋለች። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከተማይቱ የራሷን የመብራት ድርጅት ደረጃ በደረጃ ሸጠች፤ የገዛውም ቫተንፋል የተባለው የስዊድን መንግሥት ኩባንያ ነበር። ኩባንያው በከተማይቱ ክልል በሞርቡርግ ታላቅ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ መሥራት ጀመረ። አስተዳደሩ ማመንጫው ከኤልበ ወንዝ በሚወስደው ውሃ ላይ ገደብ ቢጥልበት፣ ኩባንያው በ2009 ጀርመንን በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ከሶ ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ካሣ ጠየቀ። ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ ገደቡ ላላ። በ2011 ሀምቡርግ «የአውሮፓ አረንጓዴ ዋና ከተማ» ተብላ ስትሰየም የከሰሉ ማመንጫ ግንባታ እንደቀጠለ ነበር።

በዚህ ጊዜ የአካባቢ ጥበቃና የሸማቾች ማኅበራት፣ ከእነርሱም ጋር አንድ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ክፍል፣ የኤሌክትሪክ፣ የጋዝና የሙቀት መስመሮች ወደ ከተማይቱ እንዲመለሱ ተነሡ። ከንቲባው ኦላፍ ሾልትስ በበኩላቸው ከተማይቱ ቀደም ሲል የገዛችው ሩብ ድርሻ ይበቃል ሲሉ ተቃወሙ። ሕዝቡ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2013 ድምፅ ሰጠ፤ 50.9 ከመቶ የሚሆነው መመለሱን ደገፈ። የኤሌክትሪኩ መስመር በ2014፣ የጋዙ በ2018፣ የሙቀቱ በ2019 የከተማይቱ ሆነ።

በጠባብ ልዩነት የተሸነፉት ወገኖች ሐሳብ በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። ግዢው ለልጆች ዕዳ ያወርሳል፤ በአውሮፓ ሕግም የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለቤት የማንንም ኃይል ሳያዳላ ማስተላለፍ ስላለበት፣ ሽቦውን መግዛት ከሰልን በነፋስ አይተካም ብለዋል። እኛም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ብሂል እየሰማን ያደግን ሰዎች፣ የሕዝብ ንብረት መባል ብቻውን ለሕዝብ ጥቅም መዋልን እንደማያረጋግጥ እናውቃለን። የስዊድን ሕዝብ ንብረት የሆነው ኩባንያ ራሱ በሌላ አገር እንደ ማንኛውም ነጋዴ አልሠራምን?

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1931 ባወጡት «ኳድራጄዚሞ አኖ» በተሰኘው መልእክታቸው ለዚህ ክርክር የሚጠቅሙ ሁለት ትምህርቶችን ሰጥተዋል። አንደኛው፣ ታናሹ ማኅበር በራሱ ሊሠራ የሚችለውን ታላቁ ሊነጥቀው አይገባም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ አንዳንድ ንብረት የሚሰጠው የገዢነት ሥልጣን እጅግ ታላቅ ስለሆነ፣ የጋራ ደኅንነትን ሳይጎዳ ለግለሰቦች ሊተው አይችልም የሚለው ነው። የሙቀት መስመር ለሁለተኛው ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሙቅ ውሃ በቧንቧ የሚደርሰው ቤተሰብ በክረምት ብርድ ሌላ አቅራቢ መርጦ ሊሄድ አይችልምና። ውሃው በምን እንደሚሞቅ የሚወስነውም የቧንቧው ባለቤት ነው።

ሆኖም ሀምቡርግ በ2019 የሙቀቱን መስመር ስትረከብ በቬደል የሚገኘውን አሮጌ የከሰል ማመንጫም አብራ ተረከበች። የሚዘጋበት ጊዜም በተደጋጋሚ ተራዘመ። ቬደል ደግሞ ከሀምቡርግ ወሰን ውጭ፣ በሌላ ክፍለ ግዛት ያለች ታናሽ ከተማ ናት። ከጭስ ማውጫው የሚወርደው ብናኝ ለዓመታት ያስመረራቸው የማመንጫው ጎረቤቶች በ2013ቱ ድምፅ አሰጣጥ ድምፅ አልነበራቸውም። ሙቀቱ ለአንዱ ከተማ፣ ጭሱ ለሌላው ሆነ።

ስለዚህ የባለቤትነት ጥያቄ አስፈላጊ ቢሆንም የመጨረሻው ጥያቄ አይደለም። ሀምቡርግ መስመሯን ማስመለሷ፣ በእኔ አስተያየት፣ ትክክል ነበር፤ ያገኘችው ግን ጽድቅን ሳይሆን ኃላፊነትን ነው። ትናንት «ኩባንያው አልፈቀደም» ማለት ይቻል ነበር፤ ዛሬ ያ ምክንያት የለም። ኃይልን የጨበጠ ሁሉ፣ ኩባንያም ይሁን ከተማ፣ የሚመዘነው ድምፅ በሰጡት ሰዎች ምቾት ብቻ ሳይሆን፣ ድምፅ ሳይኖረው ጭሱን በሚተነፍሰው ጎረቤት ጤና ጭምር ነው። በጋራ የያዝነውን ነገር «የእኛ» ስንል፣ «እኛ» በሚለው ቃል ውስጥ እነማንን እንደምንቆጥር ደጋግመን ልንጠይቅ ይገባል።