ሦስት ዓመት ተኩል



አመሻሽ ላይ ጉዱማሌ ስፖርት እየሠራህ፣ መግሪብ ሲገባ «ይቺን ዙር ልጨርስና» የምትል ወንድሜ፣ ዛሬ ስለ ቦክሰኛው ሙሐመድ ዐሊ ላጫውትህ።

እ.ኤ.አ. በ1960 የኛው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት ኦሎምፒክ እርሱም በ18 ዓመቱ ወርቅ ወሰደ። በ1964 ሶኒ ሊስተንን አሸንፎ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ፤ እስልምናውንም ወዲያው ይፋ አደረገ። (ያኔ የተቀላቀለው ቡድን ዐቂዳው የተዛባ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ፣ በ1975 ወደ ሱና መጣ።)

በ1967 ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብሎ ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም አለ። ቀበቶውን ነጠቁት፤ 5 ዓመት እስር ፈረዱበት። ይግባኝ ብሎ እስር ቤት ባይገባም፣ ከ25 ዓመቱ ጀምሮ ሦስት ዓመት ተኩል አልተጋጠመም። ለቦክሰኛ እኮ ወርቃማው ዕድሜ ይሄ ነው! በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነፃ አለው፤ በ1974 ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን ዘርሮ ቀበቶውን አስመለሰ። ዓመታቱን ግን ማን ይመልስለት?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቂያማ ቀን ወጣትነታችንን በምን እንዳሳለፍነው እንደምንጠየቅ ነግረውናል። እርሱ ሦስት ዓመት ተኩል ከፈለ። ካንተ የተፈለገው ሦስት ረከዓ ነው።

በ2016 ወደ አኼራ የሄደው በዕለተ ጁምዓ ነበር። አላህ ይዘንለት፤ አሚን በሉ።