ስለ ሥፍር እህልና ስለ ጎረቤት

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር፣ በየዓመቱ የሚቸገረው ቤተሰብ አስቀድሞ ታውቆ ከጥር እስከ ሰኔ በየወሩ እህል ወይም ገንዘብ እንዲታደለው፣ ጉልበት ያለውም በምትኩ እርከን እንዲሠራ የሚያዝ ስለ ሆነ፣ የ1966ቱንና የ1977ቱን የረኃብ እልቂት ለሚያስታውስ ሰው የሚነቀፍ ሥርዐት አይደለም። የእኔ ጥርጣሬ ተረጂዎቹ በሚጻፉበት መዝገብ ላይ ነው።

የተረጂዎች ኮታ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል፤ የቀበሌው ሰዎችም ከመካከላቸው ችግረኛውን መርጠው ያስመዘግባሉ። የእህሉ ሥፍር ለአንድ ነፍስ በወር 15 ኪሎ፣ ማለት በቀን ግማሽ ኪሎ ነው። በሰሜን ወሎ ግን አንዲት እናት ስንዴዋን አስገብታ ጆንያውን ስትፈታ፣ ከመዝገብ የቀረችው ጎረቤቷ መጥታ ከመደቡ ላይ ዐረፍ ስትል፣ እናቲቱም ሳትለመን ሁለት ጣሳ ሰፍራ በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥርላት አይቻለሁ።

ልቡናዬ ይህን ምግባር ወዲያው አመሰገነው። ዳግመኛ ስመረምረው ግን ያ ስንዴ በልጆቿ ቍጥር የተሰፈረ ነውና፣ ሰው ከራሱ ድርሻ ይመጸውታል እንጂ ከሕፃን ድርሻ ይመጸውታልን? ስል ተጨነቅሁ። እህሉ እየተከፋፈለ ሲሳሳ ማንንም አያጠግብም የሚሉት ባለሙያዎችም ያለ ምክንያት አይናገሩም።

ነገር ግን በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፍየል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ኮታው ከተራበው ሰው ቍጥር ሲያንስ መራጮቹ አንዷን አስገብተው ሌላዋን ከመተው በቀር ምን ያደርጋሉ? ደግሞም እርዳታው በሰኔ ሲያበቃ፣ ጐተራው ባዶ የሚሆንበት ሐምሌና ነሐሴ ገና ከፊት ነው፤ ወይም እናቲቱ «ተመርቃችኋል»፣ ማለት ራሳችሁን ችላችኋል፣ ተብላ በሚመጣው ዓመት ከመዝገብ ትወጣለች። ያን ጊዜ የምትሄደው ወደዚያችው ጎረቤት ነው፤ ገብሷ የቀደመላት ታቃምሳታለች፤ በሬ ያላት ታውሳታለች። ስለዚህ ሁለቱ ጣሳ ስንዴ ከልጆቹ ተነጥቆ የጠፋ ሳይሆን በሌላ ቤት የተቀመጠ ስንቅ ነው ወደ ማለት አዘነበልሁ፤ ተመልካችም ይህን የእርዳታ ብክነት ብሎ ከሚጽፍባት፣ ኮታው በተራበው ሰው ልክ እንዲወጣ ቢሟገትላት ይገባል።

ሆኖም ገና በእግሩ ያልቆመው ሕፃን በዚያ ወር የጎደለበትን እስከ ክረምት ሊጠብቅ አይችልም፤ ሥጋው የሚገነባው ዛሬ ነውና። ለእርሱ የምሰጠውን መልስ እስካሁን አላገኘሁም።