ኮሮና በ1960ዎቹ ቦንጋ ቢገባ ኖሮ

ቦንጋ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አልተወኝም፤ ኮሮና እኔ ልጅ በነበርኩበት በ1960ዎቹ ከፋ ቢገባ ኖሮ ምን እንሆን ነበር?

አመጣጡን መገመት አይከብድም። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከጅማ የመጣ ነጋዴ ወይም የጭነት መኪና ረዳት ይዞት ይገባል። ጉንፋን ነው ተብሎ ይታለፋል፤ የቫይረሱን ዘረመል በቀናት ውስጥ የሚያነብ ላቦራቶሪ ያኔ በዓለምም አልነበረም። ስሙ ያልታወቀን በሽታ ማን ይሸሻል? አረጋውያን እየተከታተሉ ሲያርፉ ዘመድ ከጊምቦ፣ ከዴቻ፣ ከጨና በእግሩ ይመጣል፤ ድንኳን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ቆጮ ይቀርብለታል። ከዚያ በሽታውን ይዞ ወደየመንደሩ ይመለሳል።

እንዲህ ያለ መከራ አገራችን ቀምሳለች። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ እስከ 10 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ እየተደራረበ የሚያድርበት ጊዜ ነበር።

ወረርሽኝ የእግዜር ቁጣ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። የታመመ ጎረቤቱን ሊጠይቅ ሄዶ የሞተ ሰው በየትኛው ጥፋቱ ይቀጣል? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የታመመን መጠየቅ ከመጨረሻው ፍርድ መመዘኛዎች አንዱ ነው፤ ሟቹም ይህንኑ ነበር የፈጸመው። ሳያውቅ በሽታ ያስተላለፈውም ቢሆን በደል የለበትም።

እኛ ግን እናውቅ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ወዲያው ሰማን። የሰሙነ ሕማማትን ስግደት ብዙዎቻችን በየቤታችን ሰገድን። በዚያ ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም፤ ቡናና እንጨት ላክሁ። ልጃቸው ከአጥሩ ማዶ «ጋሼ፣ እርስዎም ቀሩ?» አለኝ። ያን ቀን መልስ አጣሁ። ዛሬ ብመልስለት እንዲህ እለዋለሁ፦ ልጄ፣ እናትህን ሊያለቅሱ የመጡት አሮጊቶች በእኔ ትንፋሽ እንዳይሞቱ ቀረሁ። ማወቅ ሐዘንተኛን ከመደገፍ ነጻ አያደርገንም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያከብደዋል፤ የቀረ ሰው በሌላ መንገድ መድረስ አለበት።

ማወቅና ሰውን መቅረብ አብረው ሲሄዱም ታይቷል። በ1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር ከታቢዎች መኪና በማይደርስበት ሁሉ በእግራቸው ገቡ፤ ታማሚ ባገኙበት መንደር ዙሪያውን ይከትቡ ነበር። በነሐሴ 1968 የመጨረሻው የአገራችን ታማሚ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ፈንጣጣ የለም።

ስለዚህ የከፋ ዕድሮችን ሽማግሌዎች እለምናለሁ። በደንባችሁ ውስጥ ጻፉት፦ ወረርሽኝ ሲመጣ ሬሳውን የሚያነሡት ጥቂት ሰዎች እነማን ናቸው? ምግቡን ደጅ ድረስ የሚያደርሰው ማን ነው? በሽታው ሲያልፍ ድንኳኑ ተተክሎ ሟቹ በወጉ የሚለቀስለት መቼ ነው? ጤና ሳለን፣ ዘንድሮ ይጻፍ።