ልዩ ሙያና ምሉዕ ሰውነት

ለዶክትሬት የሚቀርብ ተማሪ በአንድ ጠባብ ጥያቄ ላይ ዓመታት አሳልፎ፣ ከእርሱ በፊት ያልታወቀ ነገር እንዲያበረክት ይጠበቅበታል። ይህ ግዴታ በየትኛውም የዕውቀት ዘርፍ ያለ ቢሆንም በሶሲዮሎጂ፣ ማለትም ሰዎች በኅብረት ሲኖሩ የሚፈጥሩትን ሥርዓት፣ ልማድና ትስስር በሚመረምረው ሳይንስ ውስጥ፣ የተለየ የፍልስፍና ችግር ያስነሣል፤ የሚጠናው የሰው ልጅ የጋራ ኑሮ በሙሉ ሆኖ ሳለ፣ አጥኚው ከዚያ ኑሮ አንዲት ቅንጣት ብቻ ይዞ ለመቅረት ይገደዳልና። ሰው ራሱን በአንድ ልዩ ሙያ መወሰኑ ሰብእናውን ያጎድለዋል ወይስ ይሞላዋል?

ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም ይህን ጥያቄ የተጋፈጠው በራሱ የዶክትሬት ድርሳን ነው። ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1858 በኤፒናል ከተማ፣ አባቱም አያቱም ረቢ፣ ማለትም የአይሁድ ሃይማኖት መምህር፣ ከነበሩበት ቤት ቢወለድም የአባቶቹን መንገድ ትቶ ወደ ፍልስፍና ያዘነበለ ሰው ነበር። በ1893 በፓሪሱ ሶርቦን ለፈተና ሲቀርብ፣ የዘመኑ ደንብ በሚያዝዘው መሠረት ሁለት ድርሳናት አዘጋጅቶ ነበር፤ አንደኛው ስለ ፈላስፋው ሞንቴስኪዩ በላቲን፣ ሁለተኛውና ዋናው ስለ ማኅበራዊ የሥራ ክፍፍል በፈረንሳይኛ የተጻፉ ናቸው። ሶሲዮሎጂ በዚያ ጊዜ ገና ራሱን የቻለ ዘርፍ ስላልነበረ ከፊቱ የተቀመጡት ፈታኞች ፈላስፎች ነበሩ፤ ሥነ ምግባርን እንደ ማንኛውም ክስተት በሳይንስ ዘዴ እመረምራለሁ የሚለው አቋሙም ለእነርሱ በቀላሉ የሚዋጥ አልነበረም።

በዋናው ድርሳን መሠረት ሥራ ያልተከፋፈለበት ማኅበረሰብ ጸንቶ የሚቆመው አባላቱ በእምነትና በኑሮ ስለሚመሳሰሉ ነው፤ ይህን ዱርኬም ሜካኒካዊ ትስስር ይለዋል። ሥራ ሲከፋፈል ግን ሰዎችን የሚያስተሳስራቸው ልዩነታቸው፣ አንዱም ያለ ሌላው መኖር አለመቻሉ ነው፤ ይህ የሕያው አካል ብልቶችን መደጋገፍ የሚመስለው ትስስር ኦርጋኒካዊ ተባለ። ከዚህ የሚከተለው የግብረ ገብ ድምዳሜ ጠንካራ ነው፤ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት የቀመሰ፣ በአንዱም ያልጸና ሰው ለዚህ ዘመን አርአያ ሊሆን አይችልም፣ የሰው ግዴታ አንድ የተወሰነ ተግባር ይዞ በዚያ ለሌሎች መትረፍ ነው። ትስስር ራሱ በዓይን ስለማይታይም ዱርኬም የሚታየውን ምልክቱን፣ ሕግን፣ መረመረ፤ የሚቀጣው ሕግ የመመሳሰልን፣ የተጓደለውን የሚያስመልሰው ሕግ የመደጋገፍን ትስስር ያሳያል ብሎ አመነ።

የዚህ ዘዴ ኃይልም ጉድለትም በእድር ላይ ጎልቶ ይታያል። ስለ አዲስ አበባ እድሮች የዶክትሬት ጥናት የሚያካሂድ ሰው መተሳሰብን በቀጥታ መለካት ስለማይችል መዝገብ ይገልጣል፤ የወር መዋጮውን፣ ድንኳኑንና ወንበሩን፣ ዳኛውና ጸሐፊው የሚመረጡበትን ደንብ፣ ከሁሉም በላይ ከቀብር የቀረ አባል የሚከፍለውን ቅጣት ይመለከታል። ቅጣቱ ጥቂት ብር ቢሆንም ከቀብር መቅረት በማኅበሩ ላይ የተፈጸመ በደል ተደርጎ መቆጠሩን ያስረዳል፤ ይህን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ሥራውን ትቶ አስከሬን የሚሸኘው ጎረቤት ግን ቅጣቱን ፈርቶ ይሁን ሟቹን አክብሮ መዝገቡ አይመልስም፤ ተመራማሪው ራሱ ሐዘን ሲደርስበት እንዴት ሊያዝን እንደሚገባውም ከዚያ መዝገብ አይማርም።

ይህን ክፍተት በግልጽ ያሳየው ጀርመናዊው ማክስ ቬበር ነው። በ1889 በመካከለኛው ዘመን የንግድ ማኅበራት ላይ ባካሄደው ጥናት በሕግ ዶክተርነትን ያገኘው ቬበር፣ ዱርኬም ሊሞት ስምንት ቀናት ሲቀሩት፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1917 በሙኒክ ለተማሪዎች ንግግር አደረገ። ሳይንስን ሙያው ያደረገ ሰው በአንድ ልዩ መስክ መወሰኑ የማይቀር መሆኑን ተቀበለ፤ የሩሲያዊውን ደራሲ የቶልስቶይን ጥያቄ አንሥቶ ግን ሳይንስ ምን ማድረግ፣ እንዴትስ መኖር እንደሚገባ እንደማይነግር አስረገጠ። መምህር ሊያደርግ የሚችለው ተማሪው ለአቋሙ የማይመቹትን እውነታዎች እንዲቀበልና የመረጠው መንገድ የሚያስከፍለውን ዋጋ እንዲያውቅ መርዳት ነው።

ከሁለቱ የቬበር ጥንቃቄ ይበልጥ የሚታመን ነው፤ ከክስተት ምርመራ ወደ ግዴታ መሻገር ዱርኬም እንዳሰበው ቀላል አይደለምና። ሆኖም የዱርኬም ድርሳን ሦስተኛ ክፍል ሊታለፍ የማይገባው ነገር ይዟል። በዚያ ክፍል አኖሚ፣ ማለትም የተከፋፈሉትን የሚያገናኝ ደንብ መጥፋት፣ ብሎ ከጠራው ሕመም ምሳሌዎች አንዱ ሳይንስ ራሱ ነው፤ የሕግ ሊቁ፣ የምጣኔ ሀብት ሊቁና የስታቲስቲክስ ባለሙያው አንዱን ማኅበራዊ ኑሮ እያጠኑ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። አጠቃላይ ዕውቀትን ከላይ መደረብ ይህን አይፈውስም፤ እያንዳንዱ ሥራው ከሌሎች ሥራ ጋር የሚገናኝበትን ድንበር ማወቅ አለበት። እንዲህ ከታየ ጉዳቱ ከጥናቱ መጥበብ አይመነጭም። የእድር ተመራማሪው መዝገቡ የሚያበቃበትን ቦታ ሳያውቅ፣ ወይም እያወቀ ሳይናገር ሲቀር፣ ስለ መዝገቡ ያገኘው ማዕረግ ስለ ሐዘን፣ ስለ እምነትና ስለ ሞት የመፍረድ ሥልጣን የሰጠው ይመስለዋል፤ ሰብእናው የሚጎድለው ያኔ ነው። ስለዚህ በዶክትሬት ፈተና ላይ ጥናቱ የት እንደሚያበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውንም ዕጩው ከካህኑ፣ ከእድሩ ዳኛ ወይም ከፈላስፋው እንዴት ሊማር እንዳሰበ የሚጠይቅ ጥያቄ ስለ ዘዴና ስለ ናሙና ከሚቀርቡት ጥያቄዎች እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል።