ከወንድም ጋራ መጾም

ንባብ፦ ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እና 11።



ነቢዩ ኢሳይያስ በዘመኑ የነበሩትን ሰዎች የገሠጻቸው ጾምን ስለ ተዉ አልነበረም። እነርሱስ ይጾሙ ነበር፤ ነገር ግን በጾማቸው ቀን ሠራተኛውን ያስጨንቁ፣ እርስ በርሳቸውም ይጣሉ ነበርና እግዚአብሔር ጾማቸውን አልወደደውም። ለተራበው ቢያካፍሉ፣ ቤት የሌለውን ቢያስገቡ፣ ከገዛ ዘመዳቸውም ፊታቸውን ባይሰውሩ ግን ጸሎታቸው እንደሚሰማ ነገራቸው።

ይህን ቃል ይዘን ዛሬ ወደ ካቶሊካውያን ቍምስና እንመልከት። የላቲንን ሥርዓት የሚከተሉት ካቶሊካውያን ዐቢይ ጾምን የሚጀምሩት በዐመድ ረቡዕ ነው። በዚያ ቀን ጌታውና አገልጋዩ፣ ሊቁና ያልተማረው በአንድ ሰልፍ ቆመው ዐመድ ይቀበላሉ። ያማረ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ዐመዱን ታጥበው ወደየቤታቸው ከገቡ በኋላስ? በትልቅ ከተማ ባለ ቍምስና ብዙ ዓመት በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው የጎረቤታቸውን ስም የማያውቁ ምእመናን አሉ። በእኛ ማኅበር ይህ የለም ብለን ልንመካ አንችልም።

የጥንቲቱ ቤተ ክርስቲያን ጾምን የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አላደረገችውም። ዲዳኬ የተባለው የጥንት መጽሐፍ፣ ሰው ከመጠመቁ አስቀድሞ አጥማቂውም የሚችሉትም ሌሎች ከእርሱ ጋራ እንዲጾሙ ያዝዛል። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስም ምእመናን ከንኡሰ ክርስቲያን ጋራ አብረው ይጾሙና ይጸልዩ እንደ ነበር ጽፏል። እንግዲህ ጾሙ ስለ ሌላው ሰው የሚደረግ ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ፣ የዐቢይ ጾም ንስሓ የልብና የግል ብቻ ሳይሆን በውጭ የሚታይና የማኅበር እንዲሆን የጠየቀው ወደዚሁ ለመመለስ ነው። በ1972 ዓ.ም.ም የአዋቂዎች ጥምቀት የቀድሞ ሥርዓት ታድሶ ወጣ።

በዚህ ሥርዓት መሠረት በጾሙ ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ እሑድ በትንሣኤ ሌሊት የሚጠመቁት በጉባኤው ፊት ይቆማሉ፤ የክርስትና አባታቸው ወይም እናታቸው እጃቸውን በትከሻቸው ላይ ያኖራሉ፤ ማኅበሩም ይጸልይላቸዋል። የሚነበቡት ወንጌሎች የሳምራዊቱ ሴት፣ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰውና የአልዓዛር ናቸው።

በእነዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ጥቂት እንቈይ። ዕውሩ ሰው ዐይኑ በተከፈተ ጊዜ ጎረቤቶቹ እርሱ ነው አይደለም ብለው ተከራከሩ፤ ፈሪሳውያን መረመሩት፤ ወላጆቹም ፈርተው ነገሩን በእርሱ ላይ ጣሉት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከእርሱ ጋራ ደስ ያለው አንድ ሰው እንኳ አልተጻፈም! በመጨረሻም አስወጡት፤ እንደ ተባረረ ሰምቶ ያገኘው ኢየሱስ ነበር። በአልዓዛር መቃብር ግን ሌላ ነገር እናያለን። ጌታ ሙታንን የሚያስነሣ ቃል አለውና አልዓዛርን ጠርቶ አወጣው፤ መግነዙን መፍታት ግን በዙሪያው ለቆሙት ሰዎች ተወላቸው። ሕይወትን የሚሰጥ እርሱ ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ተጠርቶ የወጣው ወንድም እጅና እግሩ እንደ ታሰረ በመካከላችን ቆሞ ሊቀር ይችላል። አራት ቀን በመቃብር የቈየውን በድን መግነዝ መንካት ደስ የሚል ሥራ አልነበረም።

የቍምስናው ፍቅር ወደ ሩቅም ይደርሳል። በ1958 ዓ.ም. የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ዮሴፍ ፍሪንግስ ባቀረቡት አሳብ የጀርመን ጳጳሳት በዐቢይ ጾም ለተራቡት ገንዘብ የሚሰበስበውን ሚዘሬዮርን አቋቋሙ፤ ስሙም የተወሰደው ጌታ ለተራበው ሕዝብ ከራራበት ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ነው። በዚያ አገር በመካከለኛው ዘመን በጾም ጊዜ መሠዊያውን የሚጋርድ መጋረጃ ይሰቀል ነበር። ሚዘሬዮር ይህን ልማድ በ1976 ዓ.ም. አደሰው፤ ከመጀመሪያዎቹም አንዱን መጋረጃ የሣለው የእኛው አገር ሰው ዓለማየሁ ብዙነህ ነው። ስለዚህ የጀርመን ምእመናን በኢትዮጵያዊ እጅ በተሣለ ሥዕል ፊት ጾመው ጸልየዋል።

እኛ ጾም ጽድቅን አይገዛም ብለን እናስተምራለን፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ይህን ትምህርት ለስስታችን መሸፈኛ ካደረግነው ወንጌልን አልጠበቅንም። ደግሞም ለሩቁ ርኁብ ገንዘብ መስጠት ከተጣሉት ጎረቤት ጋራ ማዕድ ከመቍረስ ይቀልላል። በጥንቷ ሮም ስለ ኀጢአታቸው ከቍርባን የተለዩት ሰዎች ከትንሣኤ በፊት ባለው ሐሙስ ወደ ማኅበሩ ይመለሱ ነበር፤ የተለየው ሰው ሳይመለስ በዓል እንዳይገባ ነበርና።

እንግዲህ በዚህ የጾም ወራት የማኅበራችን መዝገብ ይከፈት። ካለፈው ትንሣኤ ወዲህ ያልታዩት በስማቸው ይጠሩ፤ በጸሎትም ይታሰቡ። ከዚያም ምእመናን ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደየቤታቸው ይሂዱ፤ ለወቀሳ ሳይሆን ደኅንነታቸውን ለመጠየቅ፣ ከተቻለም ከማዕዳቸው አብሮ ለመቅመስ። በሩን ተዘግቶ ያገኙት እንደ ሆነ በሚመጣው ሳምንት ይመለሱ።